ስለ ቆዳ ካንሰር ልናውቀው የሚገባ ነገር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ለተደበቀ በሽታ ብቻ ሳይሆን፥ «እኔን አይነካኝም» ተብሎ ለተናቀ በሽታም የሚሠራ ይመስለኛል። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ካንሰር ሲያስተምሩን የቆዳ ካንሰርን ባነሡ ጊዜ፥ ከክፍላችን ልጆች አንዱ «እርሱማ የፈረንጅ በሽታ ነው» አለና ሁላችንም ሳቅን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ከፊት ረድፍ የሚቀመጠው አልቢኒዝም ያለበት ጓደኛችን ግን አልሳቀም። እኔም በነገሩ ስላፈርሁ መጻሕፍት አገላበጥሁ፤ መምህራችንንም ደጋግሜ ጠየቅሁ። ያገኘሁትን ትምህርት ለጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች በአጭሩ ለማቅረብ እወዳለሁ።

ካንሰሩ እንዴት ይነሣል?

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። ሕዋሶች በሥርዓት ይራባሉ፤ በሥርዓትም አርጅተው ይሞታሉ። አንዱ ሕዋስ ይህን ሥርዓት አፍርሶ ያለ ልክ ሲባዛና በአጠገቡ ያለውን ሥጋ ሲወርር ካንሰር ይባላል።

በቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሶች አሉ። ይህ ቀለም እንደ ጃንጥላ ሆኖ፥ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት የተባለ የማይታይ ጨረር ይከላከልልናል። ጨረሩ ወደ ሕዋሱ ዘልቆ ሲገባ በውስጡ ያለውን የዘር መመሪያ ያበላሻል፤ ብልሽቱም ለብዙ ዓመታት ሲጠራቀም ካንሰር ሊያስነሣ ይችላል። ቆዳቸው ነጭ የሆነ ሰዎች ጃንጥላቸው ስስ ስለ ሆነ ይህ በሽታ ይበዛባቸዋል። የአውሮፓ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩባት ፀሐያማዋ አውስትራልያ በዚህ በሽታ ብዛት ከዓለም አገሮች ግንባር ቀደም ናት። እኛ ጥቁሮች ጃንጥላችን ወፍራም ስለ ሆነ በጣም ያነሰ ይደርስብናል። ነገር ግን «ያነሰ» ማለት «የለም» ማለት አይደለም።

ዋና ዋናዎቹ ሦስት ዓይነቶች

1ኛ. ባዛል ሴል ካርሲኖማ። ይህ በነጮች ዘንድ ከሁሉ የበዛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፊት ላይ እንደሚያብረቀርቅ ትንሽ እብጠት፥ ወይም ድኖ ተመልሶ እንደሚከፈት ቍስል ሆኖ ይታያል። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ችላ ቢሉት ግን አፍንጫንና የዐይንን አካባቢ እየበላ ይሄዳል።

2ኛ. ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ። ይህ ሻካራና ቅርፊት ያለው እብጠት ወይም የማይድን ቍስል ሆኖ ይጀምራል፤ ካልታከመም ሊዛመት ይችላል። በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በቆየ የእሳት ጠባሳ ወይም ለዓመታት ባልዳነ የእግር ቍስል ላይ ነው። ዣን ኒኮላ ማርዦሊን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1828 በአውሮፓ አቆጣጠር ከጠባሳ ላይ ስለሚነሣ ቍስል ስለ ጻፈ፥ ይህ ዓይነቱ እስከ ዛሬ «የማርዦሊን ቍስል» ይባላል። በልጅነቱ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ ሰው በየመንደሩ ስላለ፥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

3ኛ. ሜላኖማ። ይህ ቀለሙን ከሚሠሩት ሕዋሶች የሚነሣ ነው። ከሦስቱ ቍጥሩ አነስተኛ ሲሆን፥ በፍጥነት ስለሚዛመት ከሁሉ የከፋ ነው። በጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፥ ማለትም በውስጥ እግር፥ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ዋና ምክንያቱም የፀሐይ ጨረር አይደለም። ቦታው ስውር ስለ ሆነና ማንም ስለማይጠረጥረው፥ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከመሸ በኋላ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ሁላችን የምናውቀው ሰው ነው። ዘፋኙ ቦብ ማርሊ በ1977 በአውሮፓ አቆጣጠር በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት። አስቀድሞ ግን በእግር ኳስ ጨዋታ የደረሰበት ጉዳት ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቈረጥ ቢመክሩትም እርሱ አልተቀበለም። በሽታው ወደ ሌላው አካሉ ተዛምቶ፥ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ቆዳው ጥቁር ነበረ፤ ኳስም እንደ እኛ ይወድ ነበረ።

የአልቢኒዝም ነገር

አልቢኒዝም ርግማን አይደለም፤ አይተላለፍምም። ሜላኒን የሚሠራው መመሪያ ከአባትም ከእናትም በኩል ጐድሎ ሲወረስ የሚሆን ነው። ወላጆቹ ጥቁር ሆነው ልጁ ነጭ ሆኖ የሚወለደው ስለዚህ ነው። ቀለሙ ለዐይንም ስለሚያስፈልግ፥ እነዚህ ወገኖቻችን ሰሌዳውን አጥርተው ለማየት ይቸገራሉ፤ ብርሃንም ይወጋቸዋል። ጃንጥላው ስለሌላቸው የቆዳ ካንሰር በወጣትነታቸው ሊይዛቸው ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰኔ 6 ቀን ስለ እነርሱ እንዲታሰብ መወሰኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

የደጋ ብርድ ሊያታልለን አይገባም። ሙቀትና ጨረር የተለያዩ ናቸው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቍጥር ጨረሩ ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነፋስ እየነፈሰም ፀሐይዋ ቆዳን ትጐዳለች።

መከላከያው

አልቢኒዝም ያለበት ሰው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ በተቻለ መጠን ጥላ ሥር ይዋል። ጠርዙ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፥ እጅጌው ረጅም ልብስና የፀሐይ መነጽር ያድርግ። መከላከያ ቅባት ሲገዛ ቍጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ፀሐይ ላይ ሲቈይም በየሁለት ሰዓቱ ይደጋግመው። ቅባቱ ውድ ቢሆን እንኳ ጥላ ዋጋ አይጠየቅበትም።

ሌሎቻችን ደግሞ ማየትን እንልመድ። በአገራችን ማታ ማታ የአባትን፥ የእናትንና የእንግዳን እግር ማጠብ የቈየ መልካም ልማድ ነው። እንግዲህ ስናጥብ ውስጥ እግራቸውንም እንመልከት። የሚያሠጋው ምልክት ይህ ነው፦ ሁለት ጐኑ የማይመሳሰል፥ ጠርዙ የተዛነፈ፥ ቀለሙ የተዘበራረቀ፥ ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር የሚበልጥ፥ ከሁሉም ይልቅ እየተለወጠ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ። በአንድ ጥፍር ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መሥመርም እንዲሁ ነው። ማንኛውም ቍስል በአራት ሳምንት ውስጥ ካልዳነ፥ ወይም የቈየ ጠባሳ እንደገና ከቈሰለ፥ ሐኪም ይየው። «እሾህ ነው፤ ኪንታሮት ነው» እያሉ በምላጭ መቍረጥ ወይም በእሳት መተኰስ ጊዜን ማባከን ነው። ሐኪሙ ከቍስሉ ጥቂት ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል፤ ካንሰር ሆኖ ቢገኝም ገና በጧቱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተወግዶ ይድናል።

በመጨረሻ ለትምህርት ቤታችን አንድ ልመና አለኝ። የስፖርት ክፍለ ጊዜያችን 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ኮፍያ ማድረግ ደግሞ በደንባችን ክልክል ነው። ስለዚህ ጓደኛችን ወይ ባዶ ራሱን ፀሐይ ላይ ይሮጣል፤ ወይም ብቻውን ክፍል ውስጥ ይቀራል። ለእርሱና እርሱን ለመሰሉ ተማሪዎች ባርኔጣ ቢፈቀድ፥ ክፍለ ጊዜውም ወደ 2 ሰዓት ቢዛወር፥ ለትምህርት ቤቱ አንድ ሳንቲም አያስወጣውም። እኛ ተማሪዎችም በባርኔጣው እንዳንስቅበት አደራ እላለሁ። እኔ አንድ ጊዜ ስቄአለሁ፤ ያም ይበቃኛል።