ዕድሜ የሚረዝመው ከልጅ ጀምሮ ነው

የሕዝብ ዕድሜ ረዘመ ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ሽማግሌዎች ከድሮው አብልጠው ይኖራሉ ማለት ይመስለናል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በአንድ ቤት ሁለት ልጆች ተወለዱ እንበል። አንዱ በ1 ዓመቱ በኩፍኝ ሞተ። ሌላው 69 ዓመት ኖረ። የሁለቱ ዕድሜ ሲደመር 70 ነው። ለሁለት ሲካፈል 35 ይሆናል። ይህ አማካይ ዕድሜ ይባላል። በዚያ ቤት ሽማግሌ አልጠፋም። የጠፋው ልጅ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ጥናት ከ1,000 ልጆች 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ታዲያ የልጆቹን ሞት ምን ቀነሰው? ምክንያቱ ብዙ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን እንመልከት፤ ክትባትንና ንጹሕ ውኃን።

ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። ክትባት የሚለው ቃል የመጣው ከዚሁ ነው። እኛ ፊደል ለይተን ማንበብ እንደተማርን ሁሉ፣ የተከተበም ሰውነት የበሽታውን መልክ ለይቶ ያውቃል። ክትባቱ የተዳከመ ወይም የሞተ ተሕዋስ፣ ወይም የተሕዋሱ ቅንጣት አለበት። ሰውነት በዚህ ይለማመዳል። እውነተኛው በሽታ ሲመጣ ቶሎ ያውቀውና ይከላከለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ፈንጣጣን እናስታውስ። ድሮ አባቶቻችን ከታማሚ ቁስል ወስደው የጤነኛውን ክንድ እየበጡ ያስገቡ ነበር። ብዙው ይድናል፤ አንዳንዱ ግን በዚያው ይሞታል፣ ለጎረቤትም ያስተላልፋል። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች ተገኙ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ተራራና ቆላ አቋረጡ። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ፣ ዲሞ በሚባል መንደር ነው። በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ በፈንጣጣ ፊቱ የተበላሸ ወይም ዓይኑ የጠፋ ሕፃን የለም።

ሌሎቹ በሽታዎች ግን አልጠፉም። ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ ዛሬም ልጅ ይገድላሉ። በ2008ቱ ጥናት ከ1 እስከ 2 ዓመት ካሉ ልጆች መሠረታዊ ክትባታቸውን የጨረሱት ከ100 39 ብቻ ነበሩ። አንዳንድ ሰው «ልጄ ከተከተበ በኋላ አተኮሰው» ብሎ ይቀራል። ቀላል ትኩሳት ሰውነት እየተለማመደ መሆኑን ያሳያል፤ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ካልለቀቀ ግን ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። ልጅ እንደተወለደ፣ ከዚያም በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንቱ፣ በ9 ወሩና በ15 ወሩ ይከተባል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትባቱ በነፃ ነው። ካርዱን አንጣለው። ማንበብ ችለናልና ቀጠሮውን ራሳችን እናንብበው።

ክትባት ብቻውን ግን አይበቃም። ተቅማጥም ልጅ ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ የሚገባውም በውኃ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ እኛ ባለንበት በጎፋ አካባቢ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ የከተማውን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ይመጣል። ከታች ያለው ገበሬ ደግሞ አትክልት ያለማበታል፣ ከብት ያጠጣበታል። ከላይ የጣልነው ከታች ወገናችን ቤት ይገባል ማለት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ጥርት ያለ ውኃም ተሕዋስ ሊኖረው ይችላል። በዓይን አይታይም።

የቧንቧ ውኃም ቢሆን በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካን እናጠራቅማለን። ጀሪካኑ ከቆሸሸ ንጹሑ ውኃ ይበከላል። ስለዚህ፦

1. የውኃ ዕቃ ዘወትር እንጠብ፣ እንክደን።
2. የወንዝና ያልተጠበቀ ምንጭ ውኃ እናፍላ። አገራችን ደጋ በሆነበት ቦታ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ተሕዋስን እንጂ የፋብሪካ መርዝን ማፍላት አያጠፋውም።
3. ከመጸዳጃ ቤት ስንመለስ፣ ምግብ ከመሥራታችንና ልጅ ከማጉረሳችን በፊት እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።
4. መጸዳጃ ቤት ከውኃ ራቅ ተደርጎ ይቆፈር።

ልጅ ከተቀማጠው በሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠን ቶሎ ቶሎ እናጠጣው፤ ጡትም አንከልክለው። ከደከመ ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እናድርሰው።

ዛሬ የተከተበውና ንጹሕ ውኃ የጠጣው ሕፃን የነገው ሽማግሌ ነው።

ጥያቄዎች
1. አንዱ በ2 ዓመቱ ቢሞት፣ ሌላው 70 ዓመት ቢኖር፣ አማካይ ዕድሜያቸው ስንት ነው?
2. በመንደራችሁ ውኃ የሚቀዳው ከየት ነው? ከላዩ ምን አለ?
3. የልጃችሁ ቀጣይ የክትባት ቀን መቼ ነው? ከካርዱ አንብቡ።