የማይታየው መስመር፦ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ መጋጠሚያዎች በደብራችን ተሽከርካሪ ላይ



በምዕራብ ሐረርጌ ያለ የቤተ ክርስቲያን መኪና የሚሠራበት መንገድ ቀላል አይደለም። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ወደ ሚኤሶ ቆላ ይወርዳል፤ ወደ ሂርና በጨርጨር ተራሮች ይጠማዘዛል፤ ወደ አሰቦት ገዳምም አቀበት ይወጣል። ለታኅሣሥ 19 እና ለሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓልም ምእመናንን ጭኖ ይጓዛል። ለዚህ መንገድ ሲባል የመኪናው ከፍታ ሲጨመር፣ ሁለተኛ የነዳጅ ታንክ ሲገጠም ወይም በድንጋይ የተመታ ቱቦ ሲለወጥ፣ ጋራዡ አዲስ መስመር በልክ ይሠራል። የዚህን ሥራ መሠረታዊ ሕግ ማወቅ የሚያሠራውም አካል ድርሻ ነው።

የፍሬን መስመር

በጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር ነው። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ግን በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ100 ባር ሊበልጥ ይችላል። ይህን ግፊት የሚያግደው የዳዶው ፊሌቶ ሳይሆን፣ ዳዶው ተጭኖ የሚያጣብቀው የቱቦው አፍ ነው። ስለዚህ በፊሌቶው ላይ ክር ወይም ላስቲክ መጠምጠም የተበላሸን አፍ አያድንም።

አፉ በትክክል የሚወጣው እንዲህ ነው። ቱቦው በመጋዝ ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ከውስጥም ከውጭም ይጸዳል፤ ዳዶው አስቀድሞ ይገባል፤ ከዚያም አፉ በመሣሪያ በሁለት ደረጃ ታጥፎ ድርብ ይሆናል። በአንድ እጥፍ ብቻ የተከፈተ አፍ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

አፉ ከመቀመጫው ጋር መመሳሰልም አለበት። በብዙ የጃፓን ሥሪት መኪኖች አፉ በ45 ዲግሪ የተከፈተ ድርብ እጥፍ ሲሆን፣ በብዙ የአውሮፓ መኪኖች ግን እንደ አረፋ የተነፋ ነው። የሁለቱ ዳዶ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ፊሌቶውም አንድ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ የተሳሳተው ቱቦ ያለ ችግር ይገባና ይጠብቃል፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ቁልቁለት ላይ ነው።

ለውኃ ቧንቧ ወይም ለማቀዝቀዣ የተሠራ መዳብ ለፍሬን አይሆንም፤ በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃልና። ተገቢው ለፍሬን የተሠራ ብረት ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው። የተቆረጠን የፍሬን ቱቦ በብየዳ ወይም በውኃ ቧንቧ መጋጠሚያ መቀጠልም ፈጽሞ አይገባም።

ከፍታው በተጨመረ መኪና ላይ ደግሞ ወደ ጎማው የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ ርዝመት ይፈተሽ። ጎማው ተንጠልጥሎ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ቱቦው መወጠርም ከጎማው ጋር መታከክም የለበትም።

የነዳጅ መስመር

ፓምፑ ከታንኩ በሚስብበት መስመር ላይ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ የጎማ ቱቦና ፋሼታ ይበቃሉ። ነገር ግን ለስላሳ ከሆነ የብረት አፍ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት፣ የብረቱ ጫፍ ትንሽ ተነፍቶ ቀለበት ሊሠራለት ይገባል። የውኃ ቱቦ በነዳጅ ያብጣል፤ ይበሰብሳልም። በናፍጣ መኪና ላይ ፓምፑ በሚስብበት በኩል ያለ ልል መጋጠሚያ ወደ ውጭ ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል። መኪናው ካደረ በኋላ በጠዋት አልነሳ ካለ ይህ ይመርመር።

ከጋራዥ ስንረከብ

አሮጌው ቱቦ ይመለስልን። አየሩ ከፍሬኑ መውጣቱን እንጠይቅ። ሞተሩ ተነሥቶ ፍሬኑ በኃይል ተረግጦ ሲያዝ ፔዳሉ ቀስ በቀስ መስመጥ የለበትም፤ በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ይፈትሽ። ከዚያም ጭነት በሌለበት ሜዳ ላይ ይሞከር፤ ሥራውና ቀኑ በመዝገብ ይስፈር።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከሰገነቱ እንዳይወድቅ ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል። የታዘዘው አደጋ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ቤቱ ሲሠራ ነው። ምእመናንን የምናሳፍርበት መኪናም መከታው ከሥሩ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው።

ለውይይት

1. የደብራችን መኪና የፍሬን መስመር ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው? ማንስ መዘገበው?
2. ለጥገና ስንዋዋል ዋጋን ብቻ ነው የምናወዳድረው ወይስ የሚገጠመውን ዕቃ ዓይነትም እንጽፋለን?
3. ሾፌሩ መኪናው ለጉዞ ብቁ አይደለም ሲል፣ በዓል ቢሆንም እንኳ ቃሉን እንቀበላለን?