ሹሉ ከኋላ ነው

ጠያቂዋ፦ አባባ፣ ዝናብ ስስል ጠብታውን ሁልጊዜ ከላይ ሹል፣ ከታች ክብ አደርገዋለሁ። ተሳስቻለሁ እንዴ?

አዛውንቱ፦ ዝናብ እንደዚያ ሆኖ አይወርድም፣ ልጄ። ጠብታ አንገት የሚያወጣው ከቧንቧ አፍ ሊላቀቅ ሲል ብቻ ነው። ከተላቀቀ በኋላ የውሃው ገጽ ዙሪያውን ስለሚሰበስበው ትንሹ ድቡልቡል ይሆናል። ተለቅ ያለውን ደግሞ አየሩ ከሥር ስለሚገፋው ሆዱ ይደፈጠጥና ድፎ ዳቦ ይመስላል።

ጠያቂዋ፦ እንባስ?

አዛውንቱ፦ እንባ ጉንጭ ላይ ሲንከባለል ቆዳውን እያረጠበ ስለሚሄድ ከኋላው መስመር ይተዋል። ሰዓሊዎች ጭራውን ያገኙት ከዚያ ይመስለኛል።

ጠያቂዋ፦ እንግዲያው ቅርጹ እውነት የሚሆነው የት ነው?

አዛውንቱ፦ ዓሣ ላይ! ግንባሩ ደንደን ያለ፣ ወደ ጅራቱ እየቀጠነ የሚሄድ።

ጠያቂዋ፦ ሹሉ ከፊት ቢሆን አይሻልም? አየሩን እንዲሰነጥቀው።

አዛውንቱ፦ ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ከድምፅ ፍጥነት በታች ለሚጓዝ ነገር ግን ትልቁ ጣጣ ያለው ከኋላ ነው። አየሩ ከፊት ተከፍሎ ያልፍሻል፤ ከጀርባሽ በደንብ ካልተገናኘ ግን ይሽከረከራል፣ እዚያ ግፊቱ ይወርዳል፣ አንቺንም ወደ ኋላ ይጎትትሻል። ቀስ እያለ የሚቀጥን ጅራት አየሩ ከገላው ሳይላቀቅ እንዲገጥም ያደርገዋል። ውፍረታቸው እኩል ሆኖ እንኳ ኳስን የሚጎትተው አየር የእንባ ቅርጽ ያለውን ከሚጎትተው 10 እጥፍ ገደማ ነው።

ጠያቂዋ፦ ታዲያ መኪና ለምን እንዲህ አልተሠራም?

አዛውንቱ፦ ተሠርቷል እንጂ! የአውሮፕላን ሠሪው ኤድመንድ ሩምፕለር በ1921 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ አቀረበው። ከላይ ሲያዩት ጠብታ ነው። በ1979 በቮልስዋገን የነፋስ ዋሻ ሲለካ የመጎተት መጠኑ 0.28 ሆነ፤ በዚያ ዘመን አብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች እንኳ ያን ያህል ዝቅ አላለላቸውም። ገበያው ግን ፊት ነሳው፤ የተሠራው መቶ ገደማ ብቻ ነው። ሻንጣ ማስቀመጫ አልነበረውም፣ ሞተሩም ያስቸግር ነበር። ጥቂቶቹ «ሜትሮፖሊስ» ለተባለው ፊልም ተቃጠሉ፤ ይህን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠያቂዋ፦ የዛሬዎቹ ግን ረጅም ጅራት የላቸውም።

አዛውንቱ፦ ጅራቱ ሙሉ ቢሆን መኪናውን የት ታቆሚዋለሽ? በ1930ዎቹ ቩኒባልድ ካም የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ጅራቱ መቀጠን ከጀመረ በኋላ ቀጥ ተደርጎ ቢቆረጥም ጥቅሙ ብዙ እንደማይጎድል አሳየ። ቶዮታ ፕሪየስ ሲያልፍ ጣሪያውን ተከትለሽ እስከ ጀርባው ተመልከቺ፤ ቁርጡን ታገኚዋለሽ።