የሰማይ ርቀት በአባቶቻችን መለኪያ

ወጣቶች ስንሰበሰብ ደጋግመን ከምናነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ጨረቃ ከእኛ ምን ያህል ትርቃለች?» የሚለው ነው። መልሱ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ሰምተን እናልፋለን እንጂ በልባችን አይሣልም። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ የሰማይን ርቀት አባቶቻችን በሚያውቁት መለኪያ ለውጠን እንመልከት። ከሒሳቡም የምናገኘው ቁም ነገር አለ።

1ኛ/ በክንድ

ክንድ ማለት ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ ሁለት ስንዝር ያህል ይሆናል። ለሒሳብ እንዲቀለን አንዱን ክንድ ግማሽ ሜትር እናድርገው። እንግዲህ 1 ኪሎ ሜትር 2,000 ክንድ ከሆነ፣ ጨረቃ 768,800,000 ክንድ ትርቃለች ማለት ነው።

መልሱ የተጣራ ይመስላል። ዳሩ ግን ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ ገዢው የሻጩን እጅ አጥርቶ የሚያየው ለምንድን ነው? ክንድ ከሰው ሰው ስለሚለያይ አይደለምን? በ48 ሳንቲ ሜትር ክንድ ብንለካ ያው ርቀት ከ800 ሚሊዮን ክንድ በላይ ይሆናል። ጨረቃ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ 32 ሚሊዮን ክንድ ጨመረች! ስለዚህ መለኪያው ግምት ከሆነ መልሱም ግምት ነው፤ «770 ሚሊዮን ክንድ ገደማ» ብንል ይበቃል። ብዙ አኃዝ መደርደር እውነትን አይጨምርም።

2ኛ/ በምዕራፍ

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም 60 ምዕራፍ እንደምትርቅ እናነባለን። ይህ ምዕራፍ የመጽሐፍ ክፍል ሳይሆን ግሪኮች «ስታዲዮን» የሚሉት የርዝመት መለኪያ ነው። አንዱን 185 ሜትር ብለን ብናስብ፣ የኤማሁስ መንገድ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጨረቃ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ምዕራፍ ጥቂት ትበልጣለች።

ይሁን እንጂ ስታዲዮንም እንደ ክንድ በየአገሩ ይለያይ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረው ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ 252,000 ስታዲዮን ብሎ ገምቷል። በ185 ሜትር ብናባዛው ከ46,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል፤ ትክክለኛው 40,000 ገደማ ስለሆነ ተሳስቷል እንላለን። በ157 ሜትር ተኩል ብናባዛው ግን 39,690 ይሆናል፤ እጅግ ተሳክቶለታል እንላለን። በየትኛው ስታዲዮን እንደለካ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። እንግዲህ የጥንት ሰው የጻፈውን ቁጥር ከመንቀፋችንም ሆነ ከማድነቃችን በፊት መለኪያው ምን እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባናል።

3ኛ/ በቀን መንገድ

በ1ኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. የተጻፈው «ፔሪፕሉስ» የተባለው የግሪክ ነጋዴዎች መጽሐፍ፣ አዱሊስ ከባሕር 20 ስታዲዮን እንደምትርቅ ይገልጻል። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለውን መንገድ ግን በስታዲዮን አልቆጠረም፤ ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ 3 ቀን፣ ከቆሎኤ እስከ አክሱም 5 ቀን ይላል። ከአፋር ጨው ሜዳ ወደ መቀሌ ጨው ሲያመላልሱ የኖሩት የአርሆ ነጋዴዎችም መንገዱን የሚቆጥሩት በውሎና በአዳር ነው። ለገደልና ለበረሃ አገር ከክንድ ይልቅ ይህ ይሻላል።

አንዱን የቀን መንገድ 30 ኪሎ ሜትር እናድርገው። ከመቀሌ አዲስ አበባ በመኪናው መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የ26 ቀን መንገድ ይሆናል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የተመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ትዞርበት የነበረው ከፍታ 628 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ይህም የ21 ቀን መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ይልቅ ትቀርበን ነበር ማለት ነው! ጨረቃ ግን የ35 ዓመት መንገድ ናት፤ አንድ ሰው በጉልምስናው ተነሥቶ በሽምግልናው ይደርሳል። ፀሐይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ ከ13,600 ዓመት በላይ ያስኬዳል።

ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ኮከብ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከእኛ ብዙዎቻችን «የብርሃን ዓመት» ሲባል ጊዜ ይመስለናል። አይደለም፤ እንደ «የቀን መንገድ» ሁሉ ርቀት ነው። ልዩነቱ መንገደኛው ነው፤ በዚያ በቅሎ፣ በዚህ ብርሃን። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከፀሐይ እኛ ዘንድ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርሳል። የበቅሎ እርምጃ እንደ መንገዱና እንደ ጭነቱ ይለያያል፤ የብርሃን ፍጥነት በጠፈር ውስጥ አይለዋወጥም። ስለዚህም ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜትር ራሱ የሚወሰነው በብርሃን ጉዞ ነው።

እንግዲህ ሊቃውንቱ ዛሬ የሚሠሩበት ሐሳብ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። የጎደላቸው እርምጃው የማይለወጥ መንገደኛ ነው።

መልመጃ፦ ሀ/ የየራሳችሁን ክንድ በሜትር ለኩና አወዳድሩ፤ በረጅሙና በአጭሩ የጨረቃን ርቀት አስሉ። ለ/ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገደኛ ወደ ቅርቡ ኮከብ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? (አንድ የብርሃን ዓመት 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።) ያገኛችሁትን 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው የምድር ዕድሜ ጋር አስተያዩት።