የቦዩ መጨረሻ የት ነው?

በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ የወረደ የክረምት ዝናብ በየሸለቆው ተሰብስቦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ መድረሻውም ተከዜ ነው። ላይ ያለው ያጥባል፣ ታች ያለው ይጠጣል። የሰቆጣም ሆነ የሌላ ከተማ ምክር ቤት ስለ ጎርፍና ስለ ፍሳሽ ሲወያይ ግን ብዙዎቻችን ጉዳዩን የሲሚንቶና የበጀት ነገር አድርገን ለመሐንዲስ እንተወዋለን። በመሠረቱ በዚያ ስብሰባ የሚወሰነው የጎረቤት ሐቅ ነው። ቆሻሻ ውሃ ከደጃችን ሲርቅ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ይሄዳልና።

በቅድሚያ ሦስት ዓይነት ውሃ እንለይ። አንደኛው ከጣሪያና ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍ ነው። ሁለተኛው የልብስና የዕቃ እጣቢ ነው። ሦስተኛው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ነው። የመንገድ ዳር ቦይ የሚሠራው ለጎርፍ ነው፤ የተሸከመውን ሳያጣራ ወንዝ ውስጥ ይደፋል። ሦስተኛው እዚያ ከተለቀቀ በሽታው ከጎርፉ ጋር ይጓዛል። ስለሆነም ወይ ለብቻው በተዘረጋ ቧንቧ ወደ ማጣሪያ መሄድ፣ ወይ በጉድጓድ ተይዞ በመኪና መመጠጥ አለበት።

ይህን ትምህርት ለንደን በውድ ዋጋ ገዝታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1854 ዶክተር ጆን ስኖው የኮሌራው ምንጭ በፍሳሽ የተበከለ የአንድ ሰፈር የውሃ ጉድጓድ መሆኑን አሳየ። ፓርላማው ግን የቆረጠው በ1858 የቴምስ ወንዝ ግማት በራሱ መስኮት ሲገባበት ነው። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት የሠራው ታላቅ መስመር ከተማዋን አዳነ። ይሁንና ፍሳሹ በመጀመሪያ ሳይጣራ ከከተማዋ በታች ወንዙ ላይ ይደፋ ስለነበር ችግሩ ወደ ታችኛው ነዋሪ ተዛወረ። ማጣራቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የአዲስ አበባ ቆሻሻ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሲወርድ ኖሯል። የቃሊቲ ማጣሪያ ሲጀምር አቅሙ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነበር፤ ወደ 100,000 ያደገው በ2010ዎቹ ነው። በመካከሉ ከተማዋ ስትሰፋ የታችኛው ገበሬ አትክልቱን በዚያው ውሃ ያጠጣ ነበር።

ለዋግ ኽምራ ጉዳዩ ይበልጥ ቅርብ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በሰቆጣ ስም ነው። ቃል ኪዳኑ ከምግብ ሌላ ንጹሕ ውሃና ንጽሕናን ይጨምራል። በተቅማጥ ደጋግሞ የሚታመም ሕፃን የበላው አይጠቅመውምና። ከወራጅ ውሃ ለሚቀዳ የዝቋላ ቤተሰብ የላይኛው ቦይና የልጁ ማዕድ አንድ ጉዳይ ናቸው።

ሕጉም ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የከተማ ቆሻሻን በአግባቡ የማስወገድ ኃላፊነት በከተማ አስተዳደሮች ላይ ጥሏል። ዲናችን ደግሞ በረጋ ውሃ፣ በመተላለፊያና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን ከልክሏል። በቀድሞዎቹ ኢስላማዊ ከተሞች ሙሕተሲብ የተባለው ሹም ከገበያው ሚዛን ሌላ የመንገዱንም ንጽሕና ይቆጣጠር ነበር።

እንግዲህ ምክር ቤቱ ሕዝብ ሲሰበስብ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ብቻ ጠይቀን አንመለስ። የቦዩ መጨረሻ የት ነው? ክረምት ሳይገባ ደለሉንና ፌስታሉን የሚያወጣው ማነው? ለጥገና የተያዘ በጀት አለ? የመጸዳጃ ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይርቃል? ታቹስ ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል?

ከዚያ በፊት ግን ራሳችንን እንጠይቅ። በሌሊት የመጸዳጃ ቧንቧውን ከጎርፍ ቦይ ጋር የሚያገናኘው ምክር ቤቱ አይደለም፤ እኛው ነን። የየመስጊዳችን ጀማዓም የውዱእና የመጸዳጃ ውሃው የት እንደሚፈስ ተከትሎ ይይ። ለሶላት ጠሃራ ሆነን ስንቆም ከታች ያለውን ጎረቤት በነጃሳ እያጠጣን ከሆነ ያ ሐቅ በአላህ ፊት ይጠየቃል። አላህ የጎረቤትን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን።