ካምቢዮ በቤትዎ ሲያወርዱ፦ ከመኪናው ሥር ከመግባትዎ በፊት

የጋራዥ ዋጋ ስለሚከብድ ብዙ ሰው መኪናውን ራሱ ይጠግናል። ዘይት መቀየርና ካምቢዮ ማውረድ ግን አንድ አይደሉም። የትንሽ መኪና ካምቢዮ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አውቶማቲክ ከሆነ እጥፉን ሊያህል ይችላል። ተጋድመው ሲሠሩ ይህ ሁሉ ክብደት ያለው ከደረትዎ በላይ ነው።

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ተሸክሞ ለማቆየት አልተሠራም። መኪናውን ክብደቱን በሚችሉ የብረት መደገፊያዎች ላይ፣ ደረቅና ደልዳላ በሆነ ኮንክሪት ላይ ያሳርፉት። በረዶ፣ ሣርና ጠጠር አይሆኑም። ብሎኬትም አይጠቀሙ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ከመግባትዎ በፊት መኪናውን በእጅዎ ገፋ አድርገው ይፈትሹ።

ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። መኪናውን በማርሽ ወይም በፓርክ ሲያቆሙት የሚይዘው ካምቢዮው ነው። ካምቢዮው ከጎማዎቹ ጋር ያለው ግንኙነት ሲፈታ መኪናውን የሚይዘው ነገር ይጠፋል። የእጅ ፍሬኑ የሚይዛቸው ጎማዎች አየር ላይ ከሆኑ እሱም አይረዳም። ስለዚህ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ያግዱ። በብዙ መኪኖች ካምቢዮው ሞተሩንም ስለሚደግፍ፣ ከመፍታትዎ በፊት ሞተሩን ለብቻው ይደግፉ።

ካምቢዮውን በክንድዎ ወይም በሆድዎ ለመቀበል አይሞክሩ። ለካምቢዮ የተሠራ ክሪክ ይከራዩ፤ የመጨረሻዎቹ ቡሎኖች ሳይፈቱ በላዩ ላይ ይሰሩት። ሁለተኛ ሰው ስልክ ይዞ ከመኪናው ውጭ ይቁም።

በሚኒሶታ ብርድ የጋራዥ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሣት ሌላ አደጋ ነው። የከሰል ጭስ አዙሮት የሚያውቅ ሰው ይህን መርዝ ያውቀዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፣ ሽታ የለውም። በሩን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ሞተር የሚነሣው መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ ነው። ለመሞቅም ከሰል አያቀጣጥሉ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ ወዲያውኑ ወጥተው 911 ይደውሉ።

የአሮጌ መኪና ፍሪሲዮን አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በአየር አይንፉት፣ በደረቁ አይጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ያንሡት። አሮጌ ዘይት በሄኔፒን ካውንቲ የብሉሚንግተንና የብሩክሊን ፓርክ መቀበያዎች ያስረክቡ። ልጅ ዘይት ከጠጣ ለመርዝ መረጃ ማእከል በ1-800-222-1222 ይደውሉ።

መኪና ሰው ላይ ከወደቀ መጀመሪያ 911 ይደውሉና «አምሃሪክ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ ይጠሩልዎታል። ተጎጂውን ለማውጣት ከመኪናው ሥር አይግቡ። እግሩ ወይም ደረቱ ተጨፍልቆ የነበረ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል መታየት አለበት፤ የተጎዳ ጡንቻ ከሰዓታት በኋላ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሽንቱ ከጠቆረ አይቆዩ። የሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ኢንሹራንስ ወይም የመኖሪያ ወረቀት የለዎትም ብሎ ሳይመረምር እንዳይመልስዎ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል።