ባትሪው ጫፍ ላይ ለካ

ልጄ፣ ያገለገለ ሞተርሆም ገዝተህ ከኦሮራ ወደ ሮኪ ተራሮች ልትወጣበት እንዳሰብክ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። «ሽቦውን በአንድ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ» ስትል ግን ዝም አልኩህ። ያን ዕለት በሰው ፊት ልመልስልህ ያልፈለግሁትን ነው አሁን የምጽፍልህ። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ዲናሞና ሞተሪኖ እየፈታሁ ነው ያደግሁት፤ ኮሎራዶ ከመጣሁ ወዲህም ከባትሪ አልራቅሁም። ሰው «ባትሪዬ ሞተ» እያለ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት ጠግቦ የማያውቅ ባትሪ ነው። ቻርጀሩ ሰጥቷል፣ ባትሪው ጋ ግን አልደረሰም።

1. ከመግዛትህ በፊት ቁጠር። የ12 ቮልት ፍሪጅ ኮምፕረሰሩ ሲሠራ 5 አምፒር ገደማ ይስባል፤ በቀን ተደማምሮ 8 ሰዓት ከሠራ 40 አምፒር-ሰዓት ወሰደ ማለት ነው። የማሞቂያው ማራገቢያ 7 አምፒር እየሳበ ሌሊቱን 6 ሰዓት ቢዞር ሌላ 42። መብራት፣ የውኃ ፓምፕና ስልክ ሲጨመር ወደ 100 ትጠጋለህ። 100 አምፒር-ሰዓት ተብሎ የሚሸጠው የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው 50 ብቻ ነው። የወሰድከውንስ በማግሥቱ ማን ይመልሰዋል? በ30 አምፒር ቻርጀር ሁለት ሰዓት ብትነዳ 60 ይመለሳል። አንድ ቦታ ቆመህ የምትሰነብት ከሆነ ሌላ ምንጭ ያስፈልግሃል። ይህን ሒሳብ በወረቀት ሳትሠራ ሱቅ አትግባ።

2. ባትሪህን እወቅ። ምንጭ ወርዶ እንስራ የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ ሆዱ እስኪሞላ በትልቁ ትቀዳለህ፣ አንገቱ ጋ ሲደርስ ግን ቀስ እያልክ ነው። የእርሳስ ባትሪም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አምፒሩን በብዛት ይጠጣል፤ 14.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ቮልቱ እዚያው ተይዞ አምፒሩ እየቀነሰ ለሰዓታት ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ 13.5 አካባቢ ላይ ይጠበቃል። በብዙ አሮጌ ሞተርሆሞች ውስጥ ያለው የፋብሪካ ቻርጀር ግን 13.6 ላይ ረግቶ የሚቀር ነው። ባትሪው ሳይሞላ ይከርምና ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክርበታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርግ የቀድሞ ጉልበቱ አይመለስም።

አንተ የፈለግከው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከ14.2 እስከ 14.6 ቮልት ይበቃዋል። ጠላቱ ብርድ ነው። ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ከሞላኸው ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላይ ላዩን እንደ ብረት ይለጠፋል፤ ያ ጉዳት አይጠገንም። ልትወጣባት ያሰብካት ሌድቪል ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች፤ በጥቅምት ሌሊት ውኃ ይረጋባታል። ስለዚህ ባትሪውን ከወለል በታች ሳይሆን ሙቀት በሚደርስበት ክፍል አስቀምጠው፤ በብርድ ጊዜ መሙላቱን በራሱ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ያለውን ግዛ። ሐሳብህን ቀይረህ ውኃ የሚጨመርበትን የእርሳስ ባትሪ ከወሰድክ ደግሞ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣልና ሳጥኑ ወደ ውጭ ይተንፍስ፣ ብልጭታ የሚያወጣ ዕቃም አብሮት አይቀመጥ።

3. በሽቦ ውፍረት አትቆጥብ። ልጆች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን ልሥራልህ። ከሞተሩ እስከ ኋላው ባትሪ 6 ሜትር ነው እንበል፤ መመለሻው ሲታከል 12 ሜትር መዳብ ይሆናል። በባለ 6 ሚሊ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ 40 አምፒር ብትልክ 1.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 14.4 ብሎ የወጣው ባትሪው ጋ ሲደርስ 13.0 ሆኗል ማለት ነው፤ በ13.0 የሚሞላ ባትሪ የለም። የጠፋው ቮልት ደግሞ ሙቀት ሆኖ ሽቦው ላይ ነው ያለው። ያንኑ በባለ 25 ሚሊ ብትልከው የሚጎድለው 0.34 ብቻ ነው። ልዩነቱ የጥቂት ዶላር መዳብ ነው።

እዚህ አሜሪካ ሽቦ በጌጅ ነው የሚሸጠው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 10 ጌጅ 5.3 ሚሊ ያህል ነው፣ 4 ጌጅ 21፣ 2 ጌጅ 33.6። እኛ በሚሊ የለመድን ሰዎች መጀመሪያ ላይ ያምታታናል፤ እኔም ሰንጠረዡን የመሣሪያ ሳጥኔ ክዳን ላይ ለጥፌው ነበር። በርካሽ የሚሸጥ ወፍራም ኬብል ስታይ ደግሞ ጫፉን በቢላ ፋቀው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና መልሰው። መመለሻውንም አትርሳ። ኔጋቲቩን ዝገት የያዘው ሻንሲ ላይ አስረህ ፖዘቲቩን ብታወፍር ሥራው ግማሽ ነው።

4. ፊውዙ ሽቦውን ይጠብቅ። ፊውዝ የሚገባው ለዕቃው ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ስለዚህ ቦታው ባትሪው አጠገብ፣ በስንዝር ርቀት ውስጥ ነው። ሁለት ባትሪ የሚያገናኝ ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ኃይል አለው፤ ፊውዝም በሁለቱም ጫፍ ይፈልጋል። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። የአንድ ወዳጄን ቫን ስሠራ ፊውዙን ለማየት እንዲመቸው ብዬ ቻርጀሩ ጋ አደረግሁት። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሁለት ሜትር ኬብል በብረት ቀዳዳ ያልፍ ነበር፤ ጎማ አላለበስኩትም። ከወራት በኋላ መንገዱ እያንቀጠቀጠው ልባሱ ተፋቀና ብረቱን ነካ። ወዳጄ ሽታው ቀስቅሶት ልጆቹን ይዞ ወጣ፤ አልጋው ተቃጥሎ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ዛሬም ኬብል በብረት ሳሳልፍ እጄ ቀድሞ ጎማውን ይፈልጋል።

ሊቲየም ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ሁለቱ ጫፎቹ ሲነካኩ በቅጽበት በሺዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል፤ ተራ ፊውዝ ተቃጥሎም በውስጡ በሚፈጠረው ብልጭታ ኃይሉን ማሳለፍ ሊቀጥል ይችላል። ዋናው ፊውዝ ክላስ ቲ የሚባለው ይሁን፤ 20,000 አምፒር መቁረጥ እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው።

5. ዲናሞውን አታድክመው። ጥንት በሪሌይ የሞተሩንና የኋላውን ባትሪ ማገናኘት ይበቃ ነበር፤ በእርሳስ ባትሪና በአሮጌ መኪና ዛሬም ይሠራል። የሊቲየም ባትሪ ግን ውስጣዊ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ የተሰጠውን ሁሉ ይስባል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር የዲናሞው ማራገቢያም ይዘገያል፤ ጭነቱ ሙሉ ነው፣ አየሩ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሊቃጠል ይችላል። የሊቲየሙ መቆጣጠሪያም በድንገት ቢያቋርጥ ቮልቱ ዘሎ የዲናሞውን ዳዮዶች ሊያበላሽ ይችላል። በአዳዲስ መኪኖች ደግሞ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ለመቆጠብ የዲናሞውን ቮልት ዝቅ ስለሚያደርገው ኋላ ያለው ባትሪ ይራባል። መፍትሔው በመካከል የሚገባ ከዲሲ ወደ ዲሲ የሚለውጥ ቻርጀር ነው፤ የሚስበውን ይወስናል፣ ለባትሪው የሚስማማውን ቮልት ራሱ ይሠራል። ለአንተ ባለ 30 አምፒሩ ይበቃሃል።

6. ሶላር ስትገጥም መጀመሪያ ባትሪውን ከመቆጣጠሪያው ጋር አገናኝ፣ ፓነሉን በመጨረሻ። ስትፈታ ተቃራኒው።

7. ኢንቨርተር ካለህ፣ ከባትሪ 120 ቮልት አውጥቶ ያንኑ ባትሪ የሚሞላውን ቻርጀር እንዳያበላ ለይተህ ዘርጋው። የሞተርሆሙን ዋና ገመድ በኢንቨርተሩ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ሰዎች ባትሪያቸው በሌሊት ለምን እንደሚያልቅ ግራ ይገባቸዋል፤ ራሱን እየበላ ነው። የ120 ቮልቱን ቋሚ መስመር ግን አንተ አትንካ፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። እኔም ለእርሱ ነው የምተወው።

8. ቀለበትህንና ሰዓትህን አውልቅ። ስትፈታ ኔጋቲቩን አስቀድም፣ ስታስር በመጨረሻ አስረው። የኪያቤህን እጀታ በፕላስተር ጠቅልለው። የኬብሉን ጫፍ በትክክለኛው መጭመቂያ ጨምቀው፤ በመዶሻ አትምታው። በቆርቆሮ ብቻ የተበየደ ጫፍ ሲሞቅ ይላላል፣ ሲንቀጠቀጥም ይሰበራል። ከመቶ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ ደግመህ አጥብቅ። የዘረጋኸውንም ሽቦ በወረቀት ሥለህ፣ የፊውዞቹን ልክ ጽፈህ፣ ቁም ሳጥኑ በር ውስጥ ለጥፈው፤ በጨለማ የሚፈልገው አንተ ላትሆን ትችላለህ።

9. የቻርጀሩን መስኮት አትመን። ቴስተርህን ባትሪው ጫፎች ላይ ራሱ አሳርፍ። ሞተሩ ሲሠራ አንብብ፣ መብራትና ማራገቢያ ከፍተህ ደግመህ አንብብ። በቻርጀሩና በባትሪው መካከል ግማሽ ቮልት ልዩነት ካገኘህ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ አንድ ቦታ ላልቷል፤ በእጅህ ስትዳስስ የሞቀውን ትደርስበታለህ። የእርሳስ ባትሪ ከቻርጀርም ከጭነትም ተለይቶ ለሰዓታት አርፎ 12.7 ካለህ ሙሉ ነው፣ 12.1 አካባቢ ካለህ ግማሽ ነው። ሊቲየም ግን ከሞላ ጎደል እስኪያልቅ ድረስ 13.2 አካባቢ እያለ ስለሚቆይ በቮልት አታውቀውም፤ የገባውንና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር ሻንት ኔጋቲቩ ላይ ግጠምለት።

ተራራ ከመውጣትህ በፊት አንድ ሌሊት ቤታችን ደጃፍ ላይ እደርበት፤ ፍሪጁም ማሞቂያውም እየሠሩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይና ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻንቱ ያሳየህን ሁለቱንም ቁጥር ጽፈህ ይዘህልኝ ግባ፤ ቡና አፍልተን አብረን እናየዋለን።